ስለ አክሶሎትል መልክና ስለ ትውልዱ መዝገብ

በራዲዮ ከተሰማው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከእናንተ አብዛኞቹ በዐይናቸው አይተውት ስለማያውቁት አንድ የውሃ ፍጥረት ነው። ስሙ አክሶሎትል ይባላል፤ የትውልድ አገሩም ሜክሲኮ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዱ «በቤታችን ይህን የሚያህል ጉዳይ ሳለ የሩቅ አገር የውሃ እንስሳ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል፣ ያለ ማስረጃም ፊርማውን ማኖር የማይወድ ሰው የዚህን እንስሳ ነገር ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል ብዬ ስለማምን፣ ጥቂት ትታገሡኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው በቤቱ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ሁለት አክሶሎትሎች ያሳድጋል። ወንዱ እንደ ወተት የነጣ ነው፤ ሴቷ እንደ ወርቅ ብጫ ናት። በሁለቱም ገላ ላይ ጥቁረት አይታይም። ልጆቻቸው ነጭ ወይም ወርቅማ ይሆናሉ፣ በጥሩ ዋጋም እሸጣቸዋለሁ ብሎ ያዋልዳቸዋል። ሴቷም በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም ነጭ ነው። ሰውዬው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከነዚያ ነጫጭ እንቁላሎች የተፈለፈሉት ልጆች፣ አንድ እንኳ ሳይቀር፣ ጠቆር ያሉ ሆነው ይገኛሉ። ሰውዬው ይደነግጣል። የሸጠለትን ነጋዴ «አታለልኸኝ» ብሎ ይወቅሳል፤ ወይም ሴቷ ወደ ቤቱ ከመምጣቷ በፊት ከጥቁር ወንድ ጋር ውላ ነበር ብሎ ይጠረጥራታል። ነጋዴው ግን አላታለለም፤ ሴቷም ንጹሕ ናት። የተሳሳተው ራሱ ገዢው ነው፤ የተሳሳተውም መልክን እንደ ማስረጃ ስለ ተቀበለ ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ እንስሳው ጥቂት መናገር ይገባኛል። አክሶሎትል ከሳላማንደር ወገን ነው። ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል፣ ነገር ግን ቅርፊት የሌለውና ቆዳው እርጥብ የሆነ፣ ከእንቁራሪት ጋር የሚዛመድ ፍጥረት ነው፤ በአገራችን አይገኝም። የእንቁራሪት ልጅ በመጀመሪያ ጅራት ኖሯት በውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ስትኖር ቆይታ፣ ኋላ እግር አብቅላ ወደ የብስ እንደምትወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አክሶሎትል ግን ይህን አያደርግም። በአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተዘረዘረውን የመተንፈሻ አካል እንደ ያዘ፣ ከውሃው ሳይወጣ፣ በሕፃንነቱ መልክ ይጎለምሳል፣ ይወልዳል፣ ያረጃልም። እግሩ ቢቈረጥ መልሶ ያበቅላል፤ የምርምር ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉትም ስለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር የሚያስፈልገው ስለ ሆነ እንለፈው።

ስሙ የመጣው ከጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ቋንቋ ከናዋትል ነው። አዝቴኮች ሾሎትል የሚባል አምላክ ነበራቸው፤ እርሱም ከመሥዋዕትነት ሞት ለማምለጥ መልኩን እየለዋወጠ ሲሸሽ በመጨረሻ ወደ ውሃ ገብቶ አክሶሎትል ሆነ፣ በዚያም ተያዘ እያሉ ይተርኩ ነበር። በመልኩ የሚያታልል ፍጥረት መሆኑን ከዘር ሊቃውንት አስቀድመው ያወቁት ይመስላል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1864 (ከዚህ በኋላም የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ የፈረንሳይ ጦር በሜክሲኮ ሲዋጋ ሳለ 34 አክሶሎትሎች ከነሕይወታቸው ወደ ፓሪስ ገቡ። ከነዚህም ስድስቱ፣ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ኦጉስት ዱሜሪል ለሚባለው የእንስሳት ሊቅ ተሰጡት። ከአምስቱ ወንዶች አንዱ ነጭ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1865 ተዋለዱ፤ ልጆቻቸውም በአውሮፓ ለሚገኙ ሊቃውንትና እንስሳ ማሳደግ ለሚወዱ ሰዎች ታደሉ። ዛሬ በምርምር ቤቶችና በየሰዉ መኖሪያ ከሚገኙት አክሶሎትሎች የሚበዙት የትውልድ ሐረጋቸው ሲቈጠር ወደነዚሁ ጥቂት እንስሶች ይደርሳል።

በዚያው በ1865 ከፓሪስ ርቃ በምትገኘው በብርኖ ከተማ ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ ያስተዋለውን ነገር ለከተማይቱ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አነበበ። አድማጮቹም ብዙ ቁም ነገር አልሰጡትም። አንዱ በፓሪስ ነጭና ጥቁር እንስሳ ይዞ ምክንያቱን አያውቅም፤ ሌላው በብርኖ ምክንያቱን ይዞ ሰሚ አጥቷል። በመካከላቸው የባቡር ሐዲድና ፖስታ ነበረ፤ ነገር ግን አልተገናኙም። የአክሶሎትል ነጭነት በሜንዴል ሕግ የሚወረስ መሆኑን የጀርመኑ ሊቅ ቫለንቲን ሄከር የገለጸው በ1908 ነው፤ በዚያን ጊዜ ዱሜሪልም ሜንዴልም በሕይወት አልነበሩም።

የሜንዴል ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ፍጥረት ሁሉ ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት ቃል ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። ይህ ቃል ዛሬ ጂን በሚባለው ነገር ላይ የተጻፈ ነው። ሁለቱ ቃሎች አንድ ዐይነት ቢሆኑ ነገሩ ግልጽ ነው። ቢለያዩ ግን አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተሰውሮ ይቈይና ለልጅ ይተላለፋል፤ በልጁም ላይ እንደ ራሱ ያለ ሌላ ዝምተኛ ባገኘ ጊዜ ሁለቱ ተባብረው ይገለጣሉ። በአክሶሎትል ጥቁረት ተናጋሪ ነው፤ ነጭነት ዝምተኛ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከተናገርሁት ሁለት ነጫጭ ቢጋቡ ልጃቸው የግድ ነጭ መሆን አለበት የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ነጭነታቸው አንድ ዐይነት ከሆነ። የሰውዬው ስሕተት የተደበቀው እዚህ ላይ ነው።

በአክሶሎትል ቆዳ ላይ መልክ የሚሰጡት ሴሎች ሦስት ዐይነት ናቸው። አንዱ ጥቁሩን ቀለም ይይዛል፤ ሁለተኛው ብጫውን፤ ሦስተኛው ብርሃንን እንደ መስተዋት እየመለሰ ያብለጨልጫል። በሐይቁ የሚገኘው አክሶሎትል ሦስቱም ስላሉት መልኩ ጠቆር ብሎ ወይራ የሚመስል፣ አልፎ አልፎም ወርቅማ ነጠብጣብ ያለበት ነው። እነዚህ ሴሎች ግን በቆዳው ላይ አይወለዱም። ሽሉ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ በጀርባው መካከል፣ የኅብለ ሰረሰር ጅማት በሚሠራበት መስመር ላይ ይፈጠሩና፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ ጎኑና ወደ ሆዱ ይጓዛሉ። አዲስ የተሾመ ሠራተኛ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነሥቶ ወደ ተመደበበት አውራጃ እንደሚሄድ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሥራው ቆሞ ብታገኙት ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ሠራተኞቹ የመዘዋወሪያ ትእዛዝ ስላልደረሳቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት አልተንቀሳቀሱም፤ ወይም ሠራተኞቹ መጥተው በወንበራቸው ተቀምጠዋል፣ ነገር ግን የሚጽፉበት ቀለም የላቸውም። በሁለቱም መንገድ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

ነጩ ወንድ የመጀመሪያው ዐይነት ነው። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ በእርሱ ዘንድ የጎደለው ኢንዶቴሊን 3 የሚባለው ነገር ነው፤ ይኸውም ቀለም ያዥ ሴሎችን ተጓዙ፣ ጎልምሱ የሚል መልእክት ነው። መልእክቱ ስለማይደርሳቸው ሴሎቹ ቆዳውን ሳይሞሉት ይቀራሉ። ቀለሙ ግን አለ። ለዚህም ምስክሩ ዐይኑ ነው፤ የዐይን ውስጠኛው ክፍል ጥቁር ቀለሙን ከሩቅ ሳይጠብቅ እዚያው ስለሚሠራ፣ የዚህ ነጭ እንስሳ ዐይን ጥቁር ነው።

ወርቅማዋ ሴት ግን ሁለተኛው ዐይነት ናት፤ አልቢኖ ይሏታል። ሴሎቿ ሁሉ ወደየቦታቸው ደርሰዋል፤ ነገር ግን ጥቁር ቀለም የሚሠራው ታይሮሲኔዝ የሚባለው ነገር ተበላሽቶባታል። ብጫ ያዦቹ ሴሎች የራሳቸው ቀለም ስላላቸው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ብጫ ሆና የምትታየው ስለዚህ ነው። የቀለም ማነስ በዐይኗም ስለሚደርስ ዐይኗ ቀላ ያለ ነው። እንቁላሏም የነጣው እንዲሁ ነው፤ የእንቁላል ቀለም የእናቲቱ ሥራ ነውና። ነጯ ባለ ጥቁር ዐይን ሴት ብትሆን ኖሮ እንቁላሏ ጥቁር በሆነ ነበር። እንግዲህ ያ ሰው ነጩን እንቁላል አይቶ ደስ ባለው ጊዜ የእናቲቱን ጉድለት እንጂ የልጆቹን መልክ አላየም።

አሁን ነገሩ ተፈታ። ከእናታቸው ደኅናውን የጉዞ ትእዛዝ ወረሱ፤ ከአባታቸው ደኅናውን የቀለም መሥሪያ ወረሱ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለ ሞላ ሁሉም ጥቁር ሆኑ። ሁለቱም ጉድለቶች ግን በእያንዳንዱ ልጅ ውስጥ ተሰውረው አሉ።

እነዚህ ጥቁር ልጆች በዓመታቸው ገደማ ደርሰው እርስ በርሳቸው ቢዋለዱስ? ከ16 ልጆች ዘጠኙ ጥቁር፣ ሦስቱ ነጭ ባለ ጥቁር ዐይን፣ ሦስቱ ወርቅማ፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱም ጉድለቶች የተገናኙበት ነጭ ባለ ቀይ ዐይን ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ግምት እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ሳንቲም አሥር ጊዜ ቢወረወር አምስት አምስት ሆኖ እንደማይከፈል ሁሉ እዚህም መዛባት አለ። ነገር ግን አንዲት ሴት ከመቶ እስከ ሺህ እንቁላል ስለምትጥል ሒሳቡ በደንብ ይታያል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የዘጠኙ ጥቁሮች ነገር ነው። ከዘጠኙ መካከል ከሁለቱም ጉድለቶች ንጹሕ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ስምንቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም በስውር ይዘዋል። ዘጠኙን በአንድ ገንዳ ብታደርጓቸው፣ መነጽር ብትሠሩም፣ ፀሐይ ላይ ብታወጧቸውም ያንን አንዱን ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም። የሚለየው መንገድ ከነጩ ባለ ቀይ ዐይን ጋር አዋልዶ ልጆቹን መቍጠር ነው፤ ከብዙ ልጅ መካከል አንድ እንኳ ነጣ ያለ ካልተገኘ ያ ጥቁር ንጹሕ ነው ይባላል።

ሌሎችም ጂኖች አሉ። አንዱ የሚያብለጨልጩትን ሴሎች አጥፍቶ ጥቁሮቹን ያበዛል፤ እንዲህ ያለው እንስሳ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ በዐይኑም ብሌን ዙሪያ የሚያበራው ቀለበት የለውም። ሌላው ብጫውን ያስቀራል። እነዚህ ከሁለቱ ነጭነቶች ጋር ሲቀላቀሉ በዐይን መለየት ለለመደ ሰው እንኳ ያስቸግራል። ከአንድ የባሕር ፍጥረት በተወሰደ ጂን በሰማያዊ ብርሃን ሥር አረንጓዴ የሚያበራም አለ፤ የተሠራው ለምርምር ሲሆን ኋላ ወደ ገበያ ወጥቷል። ግማሽ ገላው ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነውን ደግሞ በውድ ዋጋ የሚገዛ ሰው አይጠፋም፤ ይህ ግን ከሁለት ሽሎች መገጣጠም የተገኘ ስለ ሆነ መልኩን ለልጁ አያወርስም። ለመራቢያ ብሎ የገዛው ሰው ገንዘቡን አጥቷል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ መልክ ብቻ ቢሆን የጨዋታ ነገር ነበር። ነገር ግን በዝምታ የሚወረሰው መልክ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አክሶሎትሎችን ለብዙ ዓመታት ያራባው ረፈስ ሀምፍሪ ከነዚህ እንስሶች ውስጥ ብዙ ስውር ጉድለቶች አግኝቷል። ከነዚህ አንዱን የወረሰ ሽል ዐይን ሳያበቅል ይቀራል። ሌላውን የወረሰ ሽል ደግሞ ደኅና ሆኖ ያድግና፣ ልቡ መምታት በሚጀምርበት ቀን ልቡ አይመታም፤ ጥቂት ቀን አብጦ ይሞታል። የሁለቱም ወላጆች መልክና ጤና ግን እንከን የለበትም። ልብ በሉ፤ አንድ አርቢ የወደደውን መልክ ለማጽናት ወንድምን ከእኅት ቢያዋልድ፣ መልኩ በሚገናኝበት በዚያው በር ይህም ሞት ይገባል። መልኩን ያያል፤ ሞቱን ግን ከእንቁላሎቹ ሩቡ እስኪጠፋ ድረስ አያየውም።

የወርቅማዋ ሴት ነገር ደግሞ ከዚህ የራቀ ታሪክ አለው። አልቢኖነት መጀመሪያውኑ የአክሶሎትል አልነበረም። በ1960ዎቹ ይኸው ሀምፍሪ በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ ከተገኘ ነብር ሳላማንደር ከሚባል ሌላ ዘር አልቢኖነትን በማዳቀል ወደ አክሶሎትል አስገባው፤ ሥራውንም በ1967 አሳተመ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የ2017 ጥናት ይህንኑ በጂኑ ላይ አረጋገጠ። በቀለም መሥሪያው ጂን ላይ 142 ፊደል የጎደለበት ቦታ አለ፤ በጂኑም ላይ ያሉት ምልክቶች ከሚኒሶታው ሳላማንደር ጋር ይስማማሉ። ከአልቢኖነቱም ጋር ሌላ ብዙ የነብር ሳላማንደር ውርስ ተከትሎ ገብቷል። የምርምር ቤቱ ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ እርስ በርሱ ሲቀላቀል ስለ ኖረ፣ ይህ ባዕድ ውርስ በወርቅማዎቹ ብቻ ሳይሆን ጥቁር በሚመስሉትም ዘንድ ይገኛል።

ይህ ምን ይጎዳል? የሚጎዳውን ለማየት ወደ ሜክሲኮ መመለስ አለብን። አክሶሎትል በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በሜክሲኮ ሸለቆ በነበሩት ሐይቆች ብቻ ነበር። የቻልኮ ሐይቅ ደረቀ። ከሾቺሚልኮም የቀረው ገበሬዎች አትክልት በሚያለሙባቸው የጭቃ ደሴቶች መካከል የሚሄደው ቦይ ነው። በዚያም የከተማው እድፍ ውሃውን አበላሸው፤ ለምግብ ተብለው የገቡት የካርፕና የቲላፒያ ዓሦችም እንቁላሉንና ጫጩቱን ይበሉታል። በ1998 በተደረገ ቈጠራ በአንድ ካሬ ኪሎሜትር 6000 ያህል አክሶሎትል ይገኝ ነበር፤ በ2014 ግን 36 ብቻ ሆነ። ከ2021 ጀምሮ ሜክሲኮ መልኩን በ50 ፔሶ የገንዘብ ወረቀቷ ላይ አትማዋለች፤ ስለዚህ ዛሬ በሜክሲኮ ሰው ኪስ የሚገኘው አክሶሎትል በሐይቁ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል።

በዓለም ላይ ግን በየመስተዋቱ ገንዳ ቍጥሩ የማይታወቅ አክሶሎትል ሞልቷል። ታዲያ ከዚያ ወስዶ ወደ ሐይቁ መመለስ አይቻልምን? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥያቄው ቅን ነው፤ እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። በ2025 በታተመ ጥናት የሜክሲኮ ሊቃውንት በሰው እጅ ያደጉ 18 አክሶሎትሎችን በተዘጋጀላቸው ውሃ ለቀው እንደ ተከታተሏቸው፣ እንስሶቹም በውጭ መኖር እንደ ቻሉ ገልጸዋል። መመለሱ የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው። ነገር ግን ከማንኛውም ሰው ገንዳ የተገኘ፣ አባቱና እናቱ የማይታወቁ እንስሳ ለዚህ አይሆንም። ጥቁር ቢሆንም፣ መልኩ የሐይቁን ቢመስልም፣ በውስጡ የሚኒሶታን ውርስ፣ የተሰወረ ነጭነትን፣ ምናልባትም የማይመታውን ልብ ይዞ ሊገባ ይችላል። በሐይቁ ለቀሩት ጥቂቶች እንዲህ ያለው እንግዳ ከካርፕ ዓሣ የሚሻል አይመስለኝም።

ይህን ችግር የሚያቃልለው ነገር ውድ አይደለም፤ አንድ ደብተር ነው። በኢንዲያና የነበረው ዘር በ2005 ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ዋጋ ያለው እንስሳው ብቻ አልነበረም፤ ከነትውልድ መዝገቡ መሄዱ ነው። ሊቃውንቱ አልቢኖነት ከየት እንደ መጣ ሊያረጋግጡ የቻሉት ሀምፍሪ ያዳቀለውን ጽፎ ስላቈየ ነው። በቤቱ የሚያራባ ሰውም ቢሆን ለእያንዳንዱ እንስሳ ቍጥር ሰጥቶ፣ አባቱንና እናቱን፣ የተፈለፈለበትን ቀን፣ የገዛበትን ቦታ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከተፈለፈሉት ስንቱ ጥቁር፣ ስንቱ ነጭ፣ ስንቱ እንደ ሞተ መጻፍ ይበቃዋል። በተለይ የሞቱትን መጻፍ አይርሳ። አርቢዎች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የተሸጠውን ብቻ ነው፤ የሞተውን ከገንዳው አውጥተው ይጥሉታል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርም አብሮ ይጣላል።

ያ የደነገጠው ሰው ጥቁሮቹን ልጆች ከነንዴቱ በርካሽ ሸጣቸው እንበል። «ጥቁር» ከሚል ቃል በቀር ስለ ወላጆቻቸው ምንም አልጻፈም። ሁለቱን የገዛ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ያዋልዳቸዋል። አንድ ቀን ጧት ወደ ገንዳው ጠጋ ብሎ ሲያይ በጥቁሮቹ መካከል ወርቅማ፣ ነጭ፣ ዐይነ ቀይም ይዋኛሉ። እርሱም በበኩሉ የሸጠለትን ሰው ሊወቅስ ወረቀትና ብዕር ያነሣል።